ፎር ኬ ቴሌቪዥን መግዛት ይገባናልን?

በዚህ ዓመት በክፍላችን ከፈተና ውጤት ቀጥሎ እጅግ የተከራከርንበት ነገር ቢኖር የቴሌቪዥን ነገር ነው። የአንዱ ጓደኛችን አባት ባለ 55 ኢንች ፎር ኬ ገዝተው ካስገቡ ወዲህ ልጆች ሁሉ አባቶቻቸውን ይወተውታሉ፤ እናቶችም እቁባቸው የሚወጣበትን ቀን ይቈጥራሉ። ነገሩ የብዙ ወር ቁጠባ የሚፈስበት ስለ ሆነ አሳቤን ለመግለጽ ብዕሬን አነሣሁ።

የቴሌቪዥን ሥዕል ከጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች የተሠራ ነው። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080፥ ማለት 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው። ፎር ኬ ግን 3840 በ2160 ነው፤ ይኸውም ከ8 ሚሊዮን ይበልጣል። አራት እጥፍ ነው ሲሉ ሻጮቹ አልዋሹም። ነገር ግን ዓይናችን ያንን አራት እጥፍ ያየዋልን?

ጤነኛ ዓይን ከአንድ ዲግሪ 60ኛ እጅ ያነሰውን ለይቶ አያይም። በዚህ ሒሳብ ባለ 43 ኢንች ሙሉ ኤችዲ ላይ ከ1 ሜትር ከ70 ያህል ስንርቅ ነጥቦቹ ይዋሐዱብናል፤ በ55 ኢንች ደግሞ ከ2 ሜትር ከ20 ያህል። ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ነጥብ ለዓይን ትርፍ ነው። በድሬዳዋ ቤት ይህን ያህል ተጠግቶ የሚያይ ማን ነው? ፍራሹና ትራሱ በአንደኛው ግድግዳ ሥር ይነጠፋል፥ ቴሌቪዥኑ በማዶኛው ይሰቀላል፤ በሙቀቱ ወራትማ በሩን ከፍቶ ከግቢ ሆኖ የሚያይም አይጠፋም። የቤታችንን በሜትር ለክቼ 3 ሜትር ከ40 አግኝቻለሁ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሲጀምር፥ በኋላም በ1977 ዓ.ም. መባቻ ቀለም ሲመጣ፥ ለውጡ ከጣቢያው ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። አሁን ግን መስኮቱ ከሥዕሉ ቀድሞ ገብቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮሳት በኩል በዲሽ የምንቀበላቸው ጣቢያዎች የሚተላለፉት በኤስዲ ወይም በኤችዲ ነው። ኤስዲ 720 በ576፥ ማለት ከ4 መቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነጥብ ብቻ ነው። ይህን በ8 ሚሊዮን ነጥብ ላይ ሲዘረጉት መሣሪያው የጐደለውን እየገመተ ይሞላል፤ የትንሽ ምጣድ ሊጥ በትልቅ ምጣድ ላይ እንደ ማስፋት ነው። እውነተኛውን ፎር ኬ የሚያመጣው ኢንተርኔት ሲሆን፥ እርሱም በሰከንድ 15 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል፤ በአንድ ሰዓትም እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል። ፋይበር የገባለትና ወጪውን የሚችል ቤት ይግዛ፥ ይጠቀምበታል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ቀለሙስ?» ይሉኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹ አዳዲስ መሣሪያዎች ቀለማቸው ያማረ፥ ብርሃናቸውም የጠራ ነው። ሆኖም ይህ ከነጥቡ ብዛት ሳይሆን ከመስኮቱ ጥራት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ታይዋን ገበያ ወርዳችሁ ስትመርጡ፥ ለማሳያ ተብሎ በፍላሽ የተጫነውን የአበባና የባሕር ሥዕል አይታችሁ አትደነቁ። ዲሽ ይሰካልኝና ዜና ልይበት በሉ። ደግሞም በአንዳንድ ካርቶን ላይ «ፎር ኬ ይቀበላል» የሚል ይጻፋል፤ መቀበልና ማሳየት ለየቅል ናቸው፥ መስኮቱ ራሱ 3840 በ2160 መሆኑን ከማብራሪያው ላይ አንብቡ።

የቤቱ ቴሌቪዥን ፈጽሞ ከተበላሸና አዲስ መግዛት የግድ ከሆነ፥ ዋጋውም ብዙ ካልራቀ፥ ፎር ኬ ቢሆን አልቃወምም። ደኅና እየሠራ ሳለ መለወጡን ግን አልደግፍም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ስንቱን ዕቃ እንደሚያቃጥል ወላጆቻችን ያውቃሉ፤ ስታብላይዘር የሌለው ቤት ከእቁቡ ገንዘብ ጥቂቱን ለእርሱ ቢያውል፥ በነፋስ የተዛባ ዲሹንም ቢያስተካክል፥ ልዩነቱን በዚያው ምሽት ያየዋል። የቀረው ገንዘብ ለመስከረም የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ይደርሳል።

ያልተስማማችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ከፍራሻችሁ እስከ ቴሌቪዥናችሁ ያለውን ለኩና እንከራከር። ሜትር ያጣ ከእኛ ቤት ይዋስ።