ሻጋታን መፋቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከመታጠቢያ ቤት የሚወጣው አየርም ይለካ

የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት የተከራዮችን ጤና ከሻጋታ ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2014 ሕግ አውጥቷል። በሕጉ መሠረት ተከራዩ ሻጋታ መኖሩን በጽሑፍ ሲያስታውቅ፣ አከራዩ በ7 ቀናት ውስጥ ቤቱን የመመርመር፣ ከምርመራው በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ደግሞ ሻጋታውን የማስወገድ ግዴታ አለበት። ይህ በዲሲ ተከራይተው ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ቀላል ዋስትና አይደለም። ይሁንና የሕጉ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ግድግዳው ከጠቆረ በኋላ ነው። ሻጋታው ተፍቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ በሚቀጥለው የቅዝቃዜ ወራት እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ የሚታየው፣ ብዙ ጊዜ እርጥበቱ መውጫ ስላላገኘ ነው።

የመታጠቢያ ቤት እርጥበት መውጫው በተለምዶ ፋን የሚባለው አየር ማስወጫ ነው። ዕቃው ትንሽ በመሆኑ የሕግ አውጪዎችን ትኩረት አላገኘም። ተቆጣጣሪው ወደ ቤቱ ሲገባ ቁልፉን ይጫናል፣ ድምፅ ይሰማል፣ «አለ» ብሎ ምልክት ያደርጋል። መጠየቅ ያለበት ግን ፋኑ መኖሩ ሳይሆን አየር ማስወጣቱ ነው።

በስም ያለ፣ በተግባር የሌለ

የአሜሪካ ከተሞችና ክፍለ ግዛቶች በስፋት መነሻ የሚያደርጓቸው ሞዴል የሕንፃ ኮዶች፣ የመታጠቢያ ቤት ፋን ሲያስፈልግ ብቻ የሚበራ ከሆነ በደቂቃ 50 ኪዩቢክ ፊት፣ ያለማቋረጥ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ 20 ኪዩቢክ ፊት አየር እንዲያስወጣ ይጠይቃሉ። በሙያው የተለመደው የአመራረጥ ስሌትም ቀላል ነው፤ ስፋቱ እስከ 100 ስኩዌር ፊት ለሚደርስ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ፊት በደቂቃ 1 ኪዩቢክ ፊት ይታሰባል፤ ክፍሉ ምንም ያህል ቢጠብ ግን ከ50 አይወርድም።

ችግሩ በካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥርና ከቤቱ በእርግጥ የሚወጣው አየር አንድ አለመሆናቸው ነው። ቱቦው ሲረዝምና ሲጠማዘዝ፣ ተጣጣፊ ቱቦ ሲጨማደድ፣ ወይም የቱቦው ስፋት ከፋኑ አፍ ሲያንስ፣ የሚወጣው አየር በእጅጉ ይቀንሳል። ወንፊቱ በአቧራ ይደፈናል፤ በውጭው ግድግዳ ላይ ያለው ክዳን በቀለም ተጣብቆ ይቀራል። በሩ ከሥሩ ክፍተት ከሌለው ደግሞ የወጣውን የሚተካ አየር አይገባም። ከሁሉ የከፋው ቱቦው ወደ ውጭ ሳይደርስ ከኮርኒሱ በላይ ተትቶ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ እንፋሎቱ ቦታ ቀይሮ የጣሪያውን እንጨት ያበሰብሳል እንጂ ከቤቱ አልወጣም። ኮዶቹ ይህን ይከለክላሉ፤ ከኮርኒስ በላይ ወጥቶ የሚያይ ከሌለ ግን ክልከላው ከወረቀት አያልፍም።

ድምፅም ከጤና የተለየ ጉዳይ አይደለም። ሕፃን ያስተኛች እናት ወይም ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ የታክሲ ሾፌር የሚጮህ ፋን አያበራም። አሽሬ 62.2 በመባል የሚታወቀው የአየር ዝውውር ደረጃ፣ ያለማቋረጥ የሚሠራ ፋን ድምፅ ከ1 ሶን፣ በየጊዜው የሚበራው ደግሞ ከ3 ሶን እንዳይበልጥ የሚወስነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነባር ሕንፃዎችን በተመለከተ ሌላም ቀዳዳ አለ። ሞዴሉ የንብረት አጠባበቅ ኮድ፣ የሚከፈት መስኮት ያለው መታጠቢያ ቤት ፋን እንዲኖረው አያስገድድም። በሐምሌ ሙቀት ይህ ያስኬድ ይሆናል። በጥር ብርድ ገላውን የታጠበ ሕፃን አጠገብ መስኮት የሚከፍት ወላጅ ግን አይገኝም። እንፋሎት በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ወደ ውኃነት የሚለወጠውም በዚያው ወቅት ነው።

ተወቃሹ ማን ነው?

ፋኑ ካልተለካ ጥፋቱ በተከራዩ ላይ ይወድቃል። «ምግብ ታበዛላችሁ»፣ «ገላችሁን አዘውትራችሁ ትታጠባላችሁ»፣ «መስኮት አትከፍቱም» የሚሉ ቃላት፣ ወጥ የሚያቁላላና እንጀራ የሚጋግር ቤተሰብ ሊሰማቸው የሚችሉ ናቸው። የእንዲህ ዓይነቱ ግምት ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በእንግሊዝ ታይቷል። በሮችዴል ከተማ ይኖሩ ከነበሩ ሱዳናውያን ወላጆች የተወለደው አዋብ ኢስሃቅ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በ2 ዓመቱ አረፈ። የሞት መንስኤ መርማሪዋ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳወቁት ውሳኔ፣ ሕፃኑን ለሞት ያበቃው የመተንፈሻ አካል ሕመም በመኖሪያ ቤቱ ለነበረ ሻጋታ ለረጅም ጊዜ በመጋለጡ የመጣ መሆኑን አረጋግጠዋል። አባቱ ሲያመለክቱ በላዩ ቀለም እንዲቀቡ ተነግሯቸው ነበር። አከራዩ ድርጅትም ስለ ቤተሰቡ አኗኗር ግምት መውሰዱን በኋላ አምኗል።

በሕፃኑ ስም የሚጠራው ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች ላይ ይሠራል። ከባድ የእርጥበትና የሻጋታ ችግር ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመርመር፣ አደጋው ከተረጋገጠ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ቤቱን ከአደጋ ነፃ ማድረግ፣ ለአስቸኳይ አደጋ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ ግዴታቸው ሆኗል። ከዚህ ይልቅ ለዲሲ ትምህርት የሚሆነው ግን ብዙም ያልተወራለት የእንግሊዝ የግንባታ ደንብ ነው። ደንቡ በአዲስ ቤት የሚገጠም የመታጠቢያ ቤት ፋን በሴኮንድ ቢያንስ 15 ሊትር አየር እንዲያስወጣ ከመጠየቅ አልፎ፣ የሚወጣው አየር ተለክቶ ውጤቱ ለሕንፃ ቁጥጥር አካል እንዲቀርብ ያዛል። ቁጥሩ በመዝገብ ከሰፈረ ክርክሩ ስለ ቤተሰብ አኗኗር መሆኑ ይቀራል፤ ስለ ዕቃው ይሆናል።

የአከራዮች መከራከሪያ

አከራዮች የሚያነሷቸው ስጋቶች በሙሉ ባዶ አይደሉም። ፋን በሌለበት አሮጌ ሕንፃ ግድግዳ መብሳት፣ ቱቦ መዘርጋትና የኤሌክትሪክ መስመር መሳብ ወጪ አለው። ብዙ ቤቶች አንድ የጋራ የአየር መውጫ በሚጠቀሙበት ፎቅ ደግሞ፣ አንዱ ተከራይ ቤት የሚሠራው ሥራ የሌላውን አየር ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ግዴታው በአንድ ሌሊት ሳይሆን ቤቱ ከተከራይ ወደ ተከራይ ሲተላለፍ ወይም ሲታደስ ቢጀምር ተገቢ ነው። ያለውን ፋን መለካት ግን ግድግዳ አያስፈርስም። በወንፊቱ ላይ የሚደፋ የአየር ፍሰት መለኪያ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱን ያሳያል። «ተከራዮች ፋኑን አያበሩትም» ለሚለውም መልሱ እርጥበት ሲሰማው ራሱ የሚነሣ፣ ወይም በዝቅተኛ ድምፅ ያለማቋረጥ የሚሠራ ፋን መምረጥ ነው።

ለምክር ቤት አባላት ጽሕፈት ቤቶች የሚቀርቡ ነጥቦች

1. የሻጋታ አቤቱታ በቀረበበት ቤት ሁሉ የመታጠቢያ ቤቱ ፋን የሚያስወጣው አየር ይለካ፤ ቁጥሩም ለተከራዩ በጽሑፍ ይሰጥ። ከደረጃው በታች የሆነ ፋን ሳይስተካከል መዝገቡ አይዘጋ።

2. ተቆጣጣሪው ቱቦው እስከ ውጭው ግድግዳ ወይም ጣሪያ መድረሱን በዓይኑ ያረጋግጥ።

3. ለኪራይ የሚውል መታጠቢያ ቤት ሲታደስ መስኮት መኖሩ የፋንን ግዴታ አያስቀር።

4. ውጤቱና የተከራዩ መብት በአማርኛም ይነገር። እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ ከሕዝብ ጋር የሚገናኙ መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን ብዙ ተገልጋይ ባላቸው ቋንቋዎች እንዲተረጉሙ ያዛል፤ አማርኛም ከእነዚህ አንዱ ነው።

የማኅበረሰብ አንቂዎችም ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ የለባቸውም። ፋኑን አብርቶ አንድ ቅጠል የመጸዳጃ ወረቀት ወንፊቱ ላይ ማስጠጋት ይቻላል። ወረቀቱ ከወደቀ ፋኑ ድምፅ እንጂ አየር እያንቀሳቀሰ አይደለም፤ ያንኑ ቀን ፎቶ ከተያያዘበት ደብዳቤ ጋር ለአከራዩ ማስታወቅ ይገባል። ወረቀቱ ቢያዝም ፋኑ መሳቡን እንጂ የሚስበው መጠን መብቃቱን አይናገርም። መጠኑን በመሣሪያ ለክቶ የማሳወቅ ኃላፊነት በተከራዩ ላይ ሳይሆን በአከራዩና በተቆጣጣሪው ላይ መውደቅ ይኖርበታል።