«ከየት አመጣኸው?»

ባለፈው ሴሚስተር ፊዚክስ የሚማር አንድ ጓደኛችን በፔንዱለም የመሬትን ስበት ለካ። ሰዓት ይዞ፣ እያወዛወዘና እየቆጠረ ደጋግሞ ሠራው፤ 9.79 ሜትር በሰከንድ ካሬ ወጣለት። ማታ ኢንተርኔት ሲከፍት ግን ያገኘው ሁሉ 9.81 ይላል። «ተሳስቻለሁ» ብሎ የራሱን ቁጥር ሰረዘና 9.81 ጽፎ አስረከበ። መምህሩ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብለው ሲጠይቁት መልስ አልነበረውም። ነጥብ ተቀነሰበት።

እኛን ያንገበገበን የነጥቡ ነገር አይደለም። ልጁ የለካው ልክ ነበር። የመሬት ስበት በየቦታው ይለያያል፤ በምድር ወገብ 9.78፣ በዋልታዎች 9.83 ገደማ ነው። 9.81 ለለንደንና ለፓሪስ ይስማማል። እዚህ እስራኤል በ9.79 እና በ9.80 መካከል ነው፤ ወላጆቻችን ትተውት በመጡት በጎንደር ደጋ ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

ይህን ስንፍና ብለን አናልፈውም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የቤታችን አስተርጓሚዎች ነበርን። ከባንክ ወይም ከመሥሪያ ቤት የመጣውን የዕብራይስጥ ደብዳቤ እያነበብን ለእናት ለአባታችን እንነግር ነበር። ደብዳቤው ያለው አለቀ ነው፤ ማን ጻፈው፣ በምን መነሻ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ያንን ልማድ ይዘን ዩኒቨርሲቲ ገባን፤ የታተመ ነገር ስናይ እጅ እንሰጣለን።

ሽማግሌዎቻችን ግን እንዲህ አልነበሩም። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ፣ ከየትኛው አገር እያሉ ይጠይቃሉ። ለዘር የምናደርገውን ለቁጥርም እናድርግለት። ይህን የጻፈው ማን ነው? መቼ ጻፈው? ራሱ ለካው ወይስ ከሌላ ወሰደው? ከሌላ ከወሰደ ወደዚያ እንሂድ። ዊኪፔዲያን መክፈት ነውር የለውም፤ ነገር ግን ከገጹ ግርጌ ወደተጠቀሱት መጻሕፍትና ጥናቶች መውረድ አለብን።

ቀኑንም እንይ። በ2011 ኦፔራ የተባለ የተመራማሪዎች ቡድን ኒውትሪኖ የሚባሉት ቅንጣቶች ከብርሃን የፈጠኑ የሚያስመስል ውጤት አወጣ፤ ሌሎች እንዲመረምሩትም ጠየቀ። ዜናው ዓለምን ዞረ። በ2012 በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ገመድ ልኬቱን እንዳሳተው ታወቀ። የ2011ን ዜና ብቻ አንብቦ የሚጽፍ ተማሪ ዛሬም ይሳሳታል።

እኛ ማኅበራዊ ሥራ የምንማረውም ከዚህ አናመልጥም። ስለ ማኅበረሰባችን የተጻፈ ቁጥር መነሻው ሳይታወቅ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ እናያለን። ያ ቁጥር ስለ እኛ ነው፤ እኛ ካልመረመርነው ማን ይመረምረዋል?

ይህን ሁሉ ብቻችንን መወጣት የለብንም። በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ የተቀመጠችው ባለሙያ ሥራዋ ይኸው ነው። ከቤት የማይከፈትልንን የጥናት መጽሔት በዩኒቨርሲቲው መግቢያ እንዴት እንደምናገኘው ታሳየናለች፤ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ሲመጣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት እሷን እንጠይቅ። «ይህን እንኳ አያውቅም» እንዳይሉን ፈርተን እንርቃታለን። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን።

ስለዚህ ማኅበራችን በየዓመቱ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ሪፖርት ሳይደርስ፣ አንድ ምሽት ይያዝ እንላለን። ነባር ተማሪዎች አዲሶቹን ይዘው ቤተ መጻሕፍት ይግቡ፤ እያንዳንዱም አንድ ቁጥር ይዞ እስከ መነሻው ይከተለው።

ወላጆችም ፊዚክስ ሳትማሩ ልትረዱን ትችላላችሁ። ልጃችሁ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ሲጽፍ ስታዩ ቡናውን አቀብሉትና «ከየት አመጣኸው?» በሉት። መልስ ካለው ይቀጥል። ከሌለው ነጥብ ሳይቀነስበት ተመልሶ ይፈልግ።