ካሹ ስለተስማማ ከርነሉ ሥራ ይፈታል ወይ?

ባለፈው ሴሚስተር ለኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ያቀረብኩት የፕሮጀክት ሐሳብ በአንድ አጭር መልስ ውድቅ ሆነ። «ይሄ የሃርድዌር ጉዳይ ነው፤ ሃርድዌሩ ካሹን ካስማማው ከርነሉ ምን ሊሠራ ነው?» ተባልኩ። በወቅቱ የምመልሰው ጠፋኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው ራሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ የያዘ መሰለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እንደ ጂፒዩ ያሉ መሣሪያዎች የራሳቸው ሜሞሪ አላቸው። ለብዙ ዓመታት ሲፒዩው ይህን ሜሞሪ የሚያገኘው በፒሲአይ ኤክስፕረስ በኩል ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ በካሹ አይዘውም፣ ፕሮግራም ጸሐፊውም ዳታውን ወዲያና ወዲህ ሲገለብጥ ይውላል። ካሽ ማለት እንግዲህ የሃንድአውት ፎቶ ኮፒ ቦርሳ ውስጥ እንደመያዝ ነው። በየሰዓቱ ላይብረሪ ከመመላለስ ያድናል፤ ዋናው ሲታረም ግን በእጃችን ያለው ኮፒ የድሮው ሆኖ ይቀራል። ካሽ ኮሄረንስ የሚባለው አንዱ ሲያርም ሃርድዌሩ ራሱ የሌሎቹን ኮፒ የሚሽርበት ዘዴ ነው። በአይቢኤም ፓወር 9 እና በኤንቪዲያ ቪ100 መካከል የተዘረጋው ኤንቪሊንክ 2.0 ይህን ስምምነት እስከ ጂፒዩው ሜሞሪ ድረስ አደረሰው። ግሬስ ሆፐርም ሲኤክስኤልም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው።

እሺ፣ ኮፒዎቹ ተስማሙ። ታዲያ ሜሞሪውን ማን ያድለው? ተከራይ በበዛበት ግቢ የኖረ ሰው ይገባዋል። የውጭው በር ቁልፍ አለኝ ማለት ጎረቤቴ ክፍል ውስጥ አልጋዬን እዘረጋለሁ ማለት አይደለም። ኮሄረንስ ቁልፉን ይሰጣል እንጂ ክፍሉን አያከራይም።

በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 ያገለገለውን ሰሚትን እንውሰድ። እያንዳንዱ የሰሚት ማሽን 2 ፓወር 9፣ 6 ቪ100፣ 512 ጊጋባይት ተራ ራም፣ በየጂፒዩው ላይ ደግሞ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው። በፓወር 9 ላይ የጂፒዩው ሜሞሪ ለሊኑክስ የሚታየው ሲፒዩ እንደሌለው የኑማ ኖድ ነው። ደምሩት፤ 608 ጊጋባይት! ደስ ይላል። ግን አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲገለብጥ ከርነሉ ክፍት ቦታ አገኘሁ ብሎ የፋይሉን ፔጆች ከእነዚያ ውድ 96 ጊጋባይቶች ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። የጂፒዩው ፕሮግራም ሲመጣ ቦታው ተይዟል። ይባስ ብሎ ከርነሉ የራሱን የማይንቀሳቀስ ዳታ እዚያ ቢያኖር፣ ጂፒዩው ሲበላሽ ለይቶ ማስነሳት አይቻልም። ዞን ሙቨብል የሚባለው ክፍል ይህን ሁለተኛውን ይከላከላል፤ የፋይል ፔጅ ግን ተንቀሳቃሽ ስለሆነ የመጀመሪያው ችግር እንዳለ ይቀራል።

ሌላም አለ። ሊኑክስ ፔጆችን ወደሚጠቀምባቸው ሲፒዩ የሚያስጠጋ ኑማ ባላንሲንግ የሚባል አሠራር አለው። ማን እንደሚጠቀም የሚያውቀው ሆን ብሎ ፔጅ ፎልት እያስነሳ ነው። ለሲፒዩ የታሰበ ብልሃት ነው እንግዲህ። ኤንቪዲያ ራሱ ለግሬስ ባወጣው መመሪያ እነዚህ ፎልቶች ጂፒዩ የሚበዛበትን ሥራ ስለሚጎዱ አሠራሩን አጥፉት ይላል። ሃርድዌሩ ሁሉን ከጨረሰ ይሄ ምክር ለምን አስፈለገ?

የከርነሉ ሰዎችም በቀላሉ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከአይቢኤም በኩል ሜሞሪው ኖድ ይሁን፣ ግን በግልጽ ካልተጠየቀ አይታደል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ወደ ዋናው ከርነል ሳይገባ ቀረ። በዚያው ዓመት የዤሮም ግሊስ ኤችኤምኤም በ4.14 ገባ። ለኮሄረንት ሜሞሪ ያዘጋጀው ክፍል ግን ተጠቃሚ አጥቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በ5.3 ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከኤኤምዲ የመጣ ሥራ በ6.0 ላይ መልሶ አስገባው። በዚህኛው አሠራር ፔጁ የድራይቨሩ ነው። ሲፒዩው በቀጥታ ያነባል፣ ይጽፋል፤ የከርነሉ አዳይ ግን ለማንም አይሰጠውም። አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ አስሮ ሊይዘው ከፈለገም ከርነሉ መጀመሪያ ወደ ተራ ራም ያዛውረዋል።

እኔ ለጂፒዩ የምደግፈው ይህንን ነው። አንድ ጓደኛዬ «ኖድ አድርገህ በሲፒዩሴት ብትከለክልስ?» ብሎኛል። መከልከል ይቻላል፤ ግን አስተዳዳሪው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ያልታሰበበት ማሽን የሚሠራው በነባሪው ደንብ ነው፣ እሱ ደግሞ ጉዳት የሌለው መሆን አለበት። ዋጋ የለውም አልልም። ፔጆቹ ከከርነሉ ኤልአርዩ ዝርዝር ውጭ ስለሚሆኑ ተራዎቹ የማስለቀቂያ ዘዴዎች አያዩአቸውም፤ እያንዳንዱ ድራይቨር የራሱን ማስለቀቂያ ይጽፋል ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ የስህተት መፈልፈያ ነው። በሲኤክስኤል የሚመጣ፣ ራሱ ምንም የማያሰላ ተጨማሪ ሜሞሪ ከሆነ ግን ኖድ ይሁን፤ እዚያ ጎረቤት የለም፣ ባዶ ክፍል ብቻ ነው ያለው።

«ላባችን ጂፒዩ የለውም» የሚለው ምክንያትም አያስኬድም። ኪው-ኢሙ የተባለው ኢሙሌተር ሲፒዩ የሌለው ኖድ በነፃ ይሠራልናል፤ በከርነሉ ውስጥም የመሣሪያ ሜሞሪን በተራ ራም የሚያስመስል የኤችኤምኤም መፈተኛ ሞጁል አለ። ፕሮጀክቴ አሁንም ያው ነው፦ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ምናባዊ ማሽን ላይ 1 ጊጋባይት ባዶ ኖድ ጨምሬ፣ ትልቅ ፋይል ስገለብጥ ስንት የፋይል ፔጅ ወደዚያ እንደሚሻገር ከየኖዱ የሜሞሪ መረጃ ፋይል ላይ በየሴኮንዱ መቁጠር። መስከረም ላይ እንደገና አስገባዋለሁ።