«ከተማዋ የማን ናት?» አትበሉን!

ማኪያቶ ይዘን ስለ ጦርነቱ ወሬ በጀመርን ቁጥር አንድ አረፍተ ነገር አትጠፋም፦ «ዩክሬን እኮ ድሮም ራሺያ ናት!» እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም፤ በደርግ ዘመን ኪየቭና ኦዴሳ የተማሩትን አጎቶቻችንን ሁሉ «ራሺያ የተማረ» እያልን ነው ያደግነው። ከዚያ ማዶ ደግሞ «የለም፣ ከጥንት ጀምሮ የአንድ ሕዝብ ብቻ ናት» የሚል አለ። ለሁለቱም የምናሳያት አንዲት ከተማ አለችን፤ ድሮሆቢች ትባላለች። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳንጣላ!)

ድሮሆቢች በምዕራብ ዩክሬን፣ በካርፓትያን ተራሮች ግርጌ ያለች የጨው ከተማ ናት። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ጨው ይወጣባታል። በ15ኛው መቶ ዘመን የወለደችው ዩሪ ድሮሆቢች ጣሊያን ዘልቆ የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሆኗል። ታላቁ የዩክሬን ደራሲ ኢቫን ፍራንኮም የተማረው እዚሁ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት «አንድ ተኩል ከተማ» ይሏት ነበር፦ ግማሽ ዩክሬናዊ፣ ግማሽ ፖላንዳዊ፣ ግማሽ አይሁድ። ሒሳቡ አይገጥምም አይደል? ኑሮው ግን ገጥሞ ነበር።

አሁን ገዢዎቹን ቁጠሩ። በ1772 ኦስትሪያ ወሰደቻት። በ1918 ለጥቂት ወራት የምዕራብ ዩክሬን ሪፐብሊክ፣ ከ1919 ፖላንድ፣ በ1939 ሶቪየት፣ በ1941 ናዚ ጀርመን፣ በ1944 እንደገና ሶቪየት፣ በ1991 ነጻ ዩክሬን። በ1910 የተወለደ ሰው ከሰፈሩ ሳይወጣ ስንት አገር እንደኖረ አስቡት! «ድሮም ራሺያ» ለሚሉን ደግሞ፦ የዛሩ ጦር በ1914 እና 15 ለጥቂት ወራት ይዟት ከመልቀቁ በቀር እስከ 1939 ድረስ ሞስኮ ገዝታት አታውቅም።

ታዲያ የዛሬዋ ድሮሆቢች ለምን የአንድ ሕዝብ ከተማ መሰለች? በራሱ ጊዜ የመጣ ነገር አይደለም። በ1939 ወደ 15 ሺህ አይሁድ ነበሩባት። ናዚዎች ከፊሉን ወደ ቤልዜክ የሞት ካምፕ ጫኑ፣ ከፊሉን አጠገቧ ባለው የብሮኒትሳ ጫካ ረሸኑ፤ በሕይወት የተገኙት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ስታሊን ፖላንዳውያኑን ወደ ምዕራብ ሸኘ፣ ከፖላንድ የተነቀሉ ዩክሬናውያንን በምትካቸው አመጣ። «ንጹሕ» የምትሉት ሕዝብ የተገኘው በጥይትና በባቡር ነው።

ብሩኖ ሹልዝን እዩት። አይሁድ ነው፣ የጻፈው በፖላንድኛ ነው፣ ከተማው ዛሬ ዩክሬን ነው። የሥዕል መምህር ነበር። አንድ የጌስታፖ ሹም ለልጆቹ ክፍል ግድግዳ ሥዕል አሠራው፤ ኅዳር 19 ቀን 1942 ሌላው የጌስታፖ ሹም መንገድ ላይ ተኩሶ ገደለው። በ2001 ሥዕሎቹ ከቀለም ሥር ተገኙ። ወዲያው የእስራኤሉ ያድ ቫሼም ሰዎች መጥተው ከፊሉን ከግድግዳው ልጠው ወሰዱ፤ ሦስት አገር ተጯጯኸ። በ2008 «ንብረቱ የዩክሬን፣ ውሰቱ ለያድ ቫሼም» ተባብለው ተስማሙ። በሕይወት እያለ ያላስጠለለው ሁሉ ከሞተ በኋላ «የእኔ ነው» አለ!

«እንግዲያውስ ባለቤት የላትም፤ ጉልበት ያለው ይውሰዳት» የሚል ብልጥ አይጠፋም። የለም ጌታዬ! የሚወስኑት ዛሬ የሚኖሩባት፣ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉባት፣ ሙታናቸውን የሚቀብሩባት ናቸው። እነሱም የጠፉትን ጎረቤቶች የማስታወስ ዕዳ አለባቸው። በሶቪየት ዘመን መጋዘን የነበረው ትልቁ ምኩራብ መታደሱ የዕዳው አንዱ ክፍያ ነው፤ ገና ይቀራል።

ታሪክ የቤት ካርታ አይደለም። «መጀመሪያ ማን ነበር?» የምትለዋ ጥያቄ ንጹሕ የታሪክ ጥያቄ ትመስላለች፤ መልሷ ግን ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ጫካ ውስጥ ነው። ጥያቄዋን ሌላ የት እንደሰማናት እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛም እናውቃለን። በሚቀጥለው ማኪያቶ ላይ ስትነሳ ዝም አንበል!