አሥር ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ስለ ሰዓት አነጋገር ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁን፥ ዛሬ በናይሮቢ ከተማ በራሳችን ላይ የደረሰውን ስሕተት እናወጋችኋለን።

ለመንግሥት ሥራ ከቤተ ሰባችን ጋር በዚያች ከተማ በነበርንበት ወራት፥ ልጃችንን የዓይን ሐኪም እንዲመረምራት ቀጠሮ ያዝን። ጸሐፊዋ በስልክ፥ በእንግሊዝኛ፥ «አሥር ሰዓት» አለችን፤ እኛም በአማርኛ በተሞላው ማስታወሻችን ላይ «ሐሙስ 10 ሰዓት» ብለን ጻፍን። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ልጃችንን እጅዋን ይዘን ከበሩ ብንደርስ፥ ሐኪሙ ሄዷል። ዘበኛው መዝገቡን አይቶ በስዋሂሊኛ «ሳዓ ንኔ አሱቡሂ» አለን፤ «ጧት አራት ሰዓት» ማለቱ ነው። ምነው ቀድሞውኑ እርሱን በጠየቅነው ኖሮ! ለሌላ ቀጠሮ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ልጅቱም እስከዚያ ድረስ በክፍል ውስጥ ሰሌዳውን ለማየት ከወንበርዋ እየተነሣች ትቆም ነበር።

ስዋሂሊኛ ሰዓትን እንደ አማርኛና እንደ ትግርኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ አንድ ዲግሪ ከሩብ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፥ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች፤ ከምሽቱም 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። በእንዲህ ያለ አገር ከንጋት መቁጠር ይመቻል። በለንደን ግን የበጋና የክረምት ንጋት ከሦስት ሰዓት በላይ ይለያያል። የቁጥሮቹም ስም ዝምድና አለው፤ ስዋሂሊኛ ስድስትን «ሲታ»፥ ሰባትን «ሳባ»፥ ዘጠኝን «ቲሳ» የሚለው ከዐረብኛ ወስዶ ነው። «ቲሳ» ከአማርኛው «ዘጠኝ» ይልቅ ለትግርኛው «ትሽዓተ» ቀርቦ ስናገኘው ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ሒሳቡስ ቀላል ነው። ከእንግሊዝኛው ቁጥር ስድስት መቀነስ፤ ቁጥሩ ስድስት ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ደግሞ ስድስት መጨመር ነው። ታዲያ የተማረ ሰው ስለምን ይስታል? የጎደለው ሒሳብ ሳይሆን ልብ ማለት ይመስለናል። «10» የሚለው ምልክት በየትኛው ቋንቋ እንደ ተሰማ አይናገርም፤ ሐሳብ በሌላ ነገር በተያዘ ጊዜ አእምሮ በለመደው ልሳን ያነበዋል። ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ ሒሳብ በተማሩበት ቋንቋ ማስላት ይቀናቸዋል። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ማባዛትን በትግርኛ ስላጠናን፥ ዛሬም በአማርኛ የተጻፈ የወጪ መዝገብ ስንደምር ከንፈራችን «ሸሞንተ፥ ትሽዓተ» ይላል፤ በመካከሉ የጠራን ሰው ካለ ድምሩ እንደ ገና ይጀመራል።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትጽፉ «ከጧቱ»፥ «ከቀኑ»፥ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለውን አትተዉ። በተለይ የሌሊት አውሮፕላን ያለበት ሰው ይጠንቀቅ፤ ፈረንጆች ማክሰኞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት የሚሉት፥ በአማርኛ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፥ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት» ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን የሚያስር መንገደኛ አውሮፕላኑን አያገኘውም።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ባለቤታችን ራስዋ በፊደል «ከጧቱ አራት ሰዓት» ብላ ጻፈች። እኛም ከፍርሃት የተነሣ በሦስት ሰዓት ከበሩ ተገኘን፤ ዘበኛውም እየሳቀ «ሳዓ ታቱ!» ብሎ ወንበር ሰጠን።