ሰፊ ብቻ ሆነን አንቀርም!

ወገን፣ እስቲ የለበስከውን ሸሚዝ ኮሌታ ገልብጠህ እይ። አንቺም እህቴ እዪ። ምን ይላል? ቻይና? ቱርክ? ባንግላዴሽ? የእኛ ስም የት ሄደ?

ሐምሌ 2008 ዓ.ም የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ደስታው ልክ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሥራ ያዙ። እነሱ የሰፉት ልብስ በአጎዋ በኩል ያለ ቀረጥ አሜሪካ ገባ።

ግን ሒሳቡን እንየው። ጨርቁ ባብዛኛው ከውጭ በጅቡቲ በኩል ተጭኖ ይመጣል። ዲዛይኑ የውጭ፣ ብራንዱ የውጭ፣ ገዢውም የውጭ። የእኛ ድርሻ ሼዱ፣ መብራቱና ጉልበቱ ነው። ጉልበቱስ በስንት? የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። የባንግላዴሽ 95። በዚህ ብር የቤት ኪራይ ተከፍሎ ምን ይበላል?

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ኅዳር 2014 የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን ሊዘጋ መሆኑን አሳወቀ። ታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ ከአጎዋ አስወጣችን። ፖለቲከኞች ሲጨቃጨቁ ዕዳውን የከፈለችው ማሽን ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት። ተቃወምን፣ ጮህን፣ ልክ ነበርን። ግን ለራሳችን እውነቱን እንንገር፦ በሌላ አገር ፊርማ የተከፈተ በር በዚያው ፊርማ ይዘጋል። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ታዲያ በራችንን ዘግተን እንቀመጥ? በፍጹም! ዓለም ገበያ መግባት ግዴታችን ነው። ጥያቄው ገብተን ምን ይዘን እንወጣለን ነው።

ባንግላዴሽን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴሽ የሚባል የአገሩ ኩባንያ 130 የሚሆኑ ሠራተኞቹን ደቡብ ኮሪያ፣ ዴዉ ፋብሪካ ልኮ አሠለጠነ። ከመቶ የሚበልጡት በኋላ ወጥተው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፣ ሌላውንም አሠለጠኑ። ዛሬ ያቺ አገር ከዓለም ቀዳሚ ልብስ ላኪዎች አንዷ ናት።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችን አየር መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም አብራሪውም አስተዳዳሪውም ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ነበር። አባቶቻችን አብረው ሠሩ፣ ተማሩ፤ በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ወንበሩን ያዘ። ሙያውን ተረከቡ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ከመንግሥት የምንጠይቀው ሼድ ብቻ አይደለም። ከአዋሽ እስከ መተማ ጥጥ አለን፤ ክር መፍተያው፣ ጨርቅ መሸመኛው፣ ማቅለሚያው የታለ? የውጭ ባለሀብት ሲመጣ ኢትዮጵያዊ ኃላፊ በስንት ዓመት ያፈራል? ለሠራተኛዋ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለልስ መቼ ይመጣል?

ከአንተና ከአንቺም የምንጠይቀው አለ። ሲለጠፍበት ደስ እንዲለን ተብሎ «ሜድ ኢን ኢታሊ» የተጻፈበት የመርካቶ ጫማ ስንት ጊዜ ገዝተናል? የሠራው ወንድማችን ስሙን የደበቀው እኛ ስለናቅነው ነው። ጥሩ ሲሠራ በስሙ ግዛው። ሲያበላሽ ደግሞ ፊት ለፊት ንገረው፤ ዝም ብሎ ማጨብጨብ አገር መውደድ አይደለም። ፋብሪካ የገባችሁም ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ዋጋ አወጣጡን፣ ጥራት ቁጥጥሩን፣ ገዢው የሚገኝበትን መንገድ ተማሩ። ነገ ፋብሪካውን የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ።

ከመስፋት ወደ መፍተል፣ ከመፍተል በራስ ስም ወደ መሸጥ!

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር! ሼር አድርጉት።