ካፖዌይራ ለሻሸመኔ ቤተሰቦች

የብራዚል ስም በአገራችን ሲነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው እግር ኳስን ነው። ዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በተሞከረ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ እንደ ነበሩ ያስታውሳል። ነገር ግን በዚያች አገር ከኳስ ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ፣ የአፍሪካ ልጆች በባርነት ሳሉ ያበጁት፣ ካፖዌይራ የሚባል ጥበብ አለ። ይህ ጥበብ አባት፣ እናትና ልጅ አብረው የሚማሩት ሆኖ በሻሸመኔ ቢከፈት ተገቢ ነው እንላለን።

ሻሸመኔን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ ለተቆረቆሩት የምዕራቡ ዓለም ጥቁር ሕዝቦች በ1940 ዓ.ም. አምስት ጋሻ መሬት የተሰጠው በዚያ ነው። ከጃማይካና ከሌሎቹ ደሴቶች የመጡት ቤተሰቦች የሰፈሩበትም ሥፍራ እስከ ዛሬ ጃማይካ ሰፈር ይባላል። እነዚህ ለመመለስ የቻሉት ናቸው፤ ካፖዌይራ ግን የመመለሻ መንገድ ያልነበራቸው ወንድሞቻቸው ሥራ ነው።

ወደ ብራዚል የተጋዙት አፍሪካውያን ከ4 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የተወሰዱት ከአንጎላና ከኮንጎ ወገን ነበር። ጨዋታቸው እንዲህ ነው፤ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ሁለት ተጫዋቾች ከመሣሪያው ፊት ቁጢጥ ብለው ከተጨባበጡ በኋላ ወደ መካከል ይገባሉ። አንዱ እግሩን ሲወረውር ሌላው ዝቅ ብሎ ያሳልፈውና በተራው ይወረውራል። የጨዋታው አዛዥ ቤሪምባው ነው፤ ይኸውም በደጋን ላይ አንድ ሽቦ ተወጥሮ፣ ቅል ታስሮበት፣ በቀጭን ዘንግ የሚመታ መሣሪያ ነው። እርሱ ሲዘገይ ይዘገያሉ፤ ሲፈጥን ይፈጥናሉ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ነገሩን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ሰሙ ጭፈራ፣ ወርቁ ትግል ነው።

ቤተሰብ በሙሉ ይግባ ያልነውም በከንቱ አይደለም። በክቡ ዙሪያ የቆመ ሁሉ ዘፈኑን ይቀበላል፣ ያጨበጭባል፤ ያለዚያ ጨዋታው አይሞቅም። አያት እንኳ ሥራ አላት። ልጅ ብቻውን ቢላክ ግን እርግጫውን ብቻ ይዞ ይመለስና እናቱ «ልጄ ድብድብ ተማረ» ብላ ብታዝን አይፈረድባትም።

የባዕድ ጨዋታ ምን ያደርግልናል የሚልም አይጠፋም። ካራቴና ቴኳንዶ ከሩቅ ምሥራቅ መጥተው በየከተማችን ሲስፋፉ ይህ ጥያቄ ብዙ አልተሰማም፤ ከአፍሪካ ወጥቶ በባሕር ማዶ ላደገው ጥበብ ሲሆን ለምን እንደሚነሣ አይገባንም።

ወጣት ሹማምንት ሊያነቡት የሚገባው ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው (የብራዚሉን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ባርነት በ1888 ቀረ፤ በ1890 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ካፖዌይራ በአደባባይ የተጫወተውን ሰው ከሁለት እስከ ስድስት ወር እንዲታሰር አዘዘ። ነፃ የወጣው ሰው ነፃ በወጣ በሁለተኛው ዓመት በጨዋታው ይታሰር ጀመር ማለት ነው። ሜስትሬ ቢምባ የተባለው መምህር በሳልቫዶር ከተማ ትምህርት ቤት የከፈተው በ1932 ሲሆን፣ ተማሪ ወይም ሥራ ያለው ያልሆነውን ሰው አይቀበልም ነበር። በዚህ ዓይነት የዱርዬ ሥራ ይባል የነበረው ጥበብ ክብር እያገኘ ሄዶ በ1937 የባይያ ትምህርት ባለ ሥልጣኖች ትምህርት ቤቱን በመዝገብ አጸደቁት።

ይሁን እንጂ ጥበቡ ሲከበር ጥበበኛው ተረሳ። ጥንታዊውን የአንጎላ ስልት ጠብቆ ያስተማረው ሜስትሬ ፓስቲንያ በአፕሪል 1966 በዳካር በተደረገው የጥቁር ሕዝቦች የጥበብ በዓል ላይ አገሩን ወክሎ ተገኝቶ ነበር። በዚያው ወር ነው ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን የጎበኙት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ቤቱ ይታደሳል ተብሎ ፓስቲንያ ከማስተማሪያው ወጣ፤ ሥፍራውም ምግብ ቤት ሆነ። እርሱ ዓይኑ ጠፍቶ በድህነት በ1981 ሞተ። ዩኔስኮ የካፖዌይራን ክብ ከዓለም ቅርሶች ጋር የመዘገበው በ2014 ነው። መዝገቡ ለፓስቲንያ ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ በሻሸመኔ ትምህርቱ እንዲከፈት የሚያስብ ሹም ሁለት ነገር አስቀድሞ ይቁረጥ። አንደኛው፣ የሚያስተምረው ሰው ደመወዙ በውል ተጽፎ እንዲከፈለው ነው፤ «ለበዓል ትርኢት እንጠራሃለን» የሚል ተስፋ ደመወዝ አይደለም። ሁለተኛው፣ አዳራሹ ስብሰባ በመጣ ቁጥር የማይወሰድ እንዲሆን ነው። ከጃማይካ ሰፈርና ከቀረው ከተማ የመጡ ቤተሰቦች በአንድ ክብ እንዲቆሙም ሰዓቱ እሑድ ከቀትር በኋላ ቢሆን ይሻላል። ቅሉ በገበያ አለ፤ ሽቦውም ብራዚሎቹ እንደሚያደርጉት ከአሮጌ የመኪና ጎማ ይወጣል።